አራቱ አርባ ሲሆን

ዋናው ሐኪም ለስብሰባ ደረጃውን ሲወጡ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እዚያው ሆስፒታል ፋርማሲስት ናት።

«አጎቴ፣ እውነት ቀስበሉን ሊያባርሩት ነው?»

ቀስበሉ ወጣቱ ሐኪም ነው፤ ሰውን ሁሉ «ቀስ በሉ» ስለሚል የወጣለት ስም ነው። እንግዲህ እሱ ነው ትናንት በአዲሱ ኮምፒውተር ለአንዲት እናት አራት ዩኒት ኢንሱሊን አዝዛለሁ ብሎ አርባ ያዘዘው! ሴትዮዋ ራሷን ስታ ለትንሽ ተረፈች።

«አራትና አርባ ያልለየ ሐኪም ምን ይሁን? ልሸልመው?» አሉ። «እኛ ዕድሜ ልካችንን በወረቀት ሠርተናል። ጥፋቱ የጣት ነው፤ በኮምፒውተር አይሳበብ።»

«እሺ፣ የእርስዎን ጣት እንየዋ!»

«አንቺ ልጅ እንደ እናትሽ ነሽ፣ ከያዝሽ አትለቂም» ብለው እየሳቁ መድኃኒት ክፍል ገቡ። የመለማመጃ ፋይል ከፈተችላቸው። ኢንሱሊን መረጡ፤ ከዝርዝሩ 4ን ነኩ፤ መፈረሚያው ከገጹ ታች ስለሆነ የማውሱን ጎማ አሽከረከሩና ፈረሙ።

«ይኸው! ምን አለው?»

«ያዘዙትን ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አስተካከሉ። 40 ይላል።

«አንቺ ነሽ የነካካሽው!»

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አጎቴ።»

ደገሙት። አሁንም 40። ላብ አጠመቃቸው።

«የማውሱ ቀስት ከቁጥሩ ላይ ካልተነሳ፣ ጎማው ገጹን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንም ይዞት ይወርዳል። ከ4 ቀጥሎ ያለው ደግሞ 5 አይደለም፣ 40 ነው፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው እንዲህ ደረደረው። አንዴ ከመረጡ በኋላ ማን ዞሮ ያያል? እርስዎስ አዩ?»

ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ወይ ጉዴ! ዛሬ ጠዋት እኔም ኢንሱሊን አዝዣለሁ!»

ስብሰባ የለ ምን የለ፣ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወረዱት። ጠዋት ያዘዙላቸው፣ መስኮት ሥር የተኙት አዛውንት እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ ነርሷ መርፌውን ሞልታ ክንዳቸውን እየጠረገች ነው።

«ተይው! ተይው ልጄ!»

ስክሪኑ ላይ፣ በዋናው ሐኪም ፊርማ፣ 40።

ስብሰባው ላይ ዘግይተው ገቡ። «የሚባረር ካለ ሁለት ነን፣ እኔና ቀስበሉ» ሲሉ ሰው ሁሉ ክው አለ።

ማንም አልተባረረም፤ ዝርዝሩ ግን ያኔውኑ ተነሳ። አሁን መጠኑ በቁልፍ ተመትቶ ይጻፋል፤ ከመፈረሙ በፊት ከበሽተኛው ስም ጋር በትልቁ ብቅ ይላል፤ ከወትሮው ከበዛም ኮምፒውተሩ አላሳልፍም ይላል። ሐኪሙም ሁሉ ከስክሪን ጋር መታገሉን ትቶ የሰው ፊት ማየት ጀመረ። ጠንቃቃ ሐኪም ብቻውን አይበቃማ! የሚሠራበትም ዕቃ የማያሳስት መሆን አለበት።

አዛውንቱ ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ጠየቁ፦ «ዶክተር፣ ምን ሆነው ነው እንዲያ የሮጡት?»

ዋናው ሐኪም ወንበር ሳቡና ምንም ሳይደብቁ ነገሯቸው።