ሌንስ ላይ ያልነበረው ቆሻሻ

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣

እንዲህ አሳምራችሁ ወደ ጡረታ ስለሸኛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለጃንጥላውም አመሰግናለሁ። ጠብታ ዝናብ የማይጥልበትን ፕላኔት የአየር ጠባይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲተነብይ ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ ከየት ይመጣል?

እቤት የሚያከብረኝ የለም። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት «ልብስ ላስጣ ወይስ ሊዘንብ ነው?» ትለኛለች። «እኔ የማውቀው የማርስን ነው» እላታለሁ። «እንግዲያው ቁርስህንም እዚያው ብላ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ከማርስ ምስል ይመጣል፣ እኛ የበረዶ ደመና እንፈልጋለን። ስናገኝ ግን እንደነግጣለን። ደመና ለመመዝገብ አምስት ፊርማ ያስፈልጋላ! «ሌንስ ላይ ያለ ቆሻሻ ነው» ብሎ ለመሰረዝ ግን አንድ ይበቃል፤ እሱም የኔ ነው። ታዲያ የአምስት ኃላፊ ደጅ የሚጠናው የትኛው ሞኝ ነው?

ከሰባት ዓመት በፊት ከማርስ ትልቁ ተራራ አናት አጠገብ አንድ ነጭ ነገር ታየኝ፤ ሰረዝኩት። በማግስቱም መጣ፤ ሰረዝኩት። እዚያ ጥግ የተቀመጠችው የምስል መርማሪያችን አንድ ቀን ቢሮዬ ገባች።

«ጋሼ፣ ቆሻሻ ከሆነ ለምን ጠዋት ጠዋት ብቻ ይታያል? ቀትር ላይ ማን ይጠርገዋል?»

ምን አልኳት መሰላችሁ? «አንቺ ሥራሽን ሥሪ!» መልስ ሲጠፋኝ የምለው ይህንኑ ነው፤ ያልሰማ የለም መሰለኝ።

እሷም ሠራች። የሰረዝኩትን ሁሉ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀንና ሰዓቱን እየጻፈች አስቀመጠች። እኛስ? «በቆሻሻ ጊዜ ታባክናለች» ብለን ከነገ ጀምሮ መዝገብ ቤት መደብናት። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በኋላ ማስታወሻዋን ሳነብ ደመና መሆኑ ገባኝና አፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም አፈርኩ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ አይደንግጡ፣ ሻይዎን ይጠጡ። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ኃላፊው እኔ ነኝ። ዝውውሩን ዛሬ ጠዋት ሽሬዋለሁ። የተሰረዘ ደመና ለመመለስ ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልግም ለማወቅ ደንቡን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። የሰረዘው ሰው ፊርማ ብቻ! አራት መቶ ስድስት ወረቀት ላይ «ደመና ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። ጣቴ እስካሁን ያመኛል። ግልባጩ ለሁላችሁም ደርሷል።

ወዳጆቼ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። አለቃችሁ ሲሳሳት ፊት ለፊት የሚጠይቀው ሰው አይጥፋባችሁ። ልጆቻችሁ በሥራችሁ የሚኮሩ ይሁኑ።

አንቺም እህቴ፣ ይቅር በይኝ። በይ፣ የነገው ምስል ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፤ እንዳታረፍጂ።