የኔታ ኢያቄም የሣሏቸው ሁለት ጣዎሶች

የ2007 ዓ.ም. የገና እንግዳ ከላሊበላ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። ከወልድያ ወደ ላሊበላ ስመለስ ጋሸና ላይ መኪና አጣሁና ነፋሱን ሽሽት ከመንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገባሁ። ከጥጉ ጠረጴዛ ጎረቤቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት ብራና የጻፉ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ልጃቸው እምነት አለች፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ንድፍ ታስተምራለች። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሽሮው ሳህን ወዲያ፣ ሁለት ታብሌቶች ተጋድመዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ አነስ ያለ። መሪጌታ ከሁለቱም ፊታቸውን አዙረው ግድግዳ ያያሉ።

እኔ ሙሉሃብት እባላለሁ፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ሰው ሲከራከር ካየሁ መኪና ቢያመልጠኝም ግድ የለኝም። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ፤ ፍረደን» አሉ መሪጌታ። «ይህች ልጅ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሞራ ነው፣ ተራ ጠብቀው ይገፈፋሉ፣ እስከዚያ ጥቃቅን ጽሑፍ ይቅርብዎ አለኝ። እሱን ሳልውጠው ደግሞ መስታወት ዘርግታ ይጻፉበት ትለኛለች።»

«መስታወት አይደለም አባቴ» አለች እምነት። «ይጽፉበታል፣ ሐረግ ይሥሉበታል፣ መጽሐፍ ያነቡበታል። ፊደሉ ሲያንስብዎ በሁለት ጣት ከፈት አድርገው ያሳድጉታል። አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ የባልደረባዬ። የመረጡትን ላስቀርልዎ ነው ያመጣሁት።»

«መብራት ሲጠፋስ? በኛ አገር መብራት በእንግድነት ነው የሚመጣው። የኔ ብራና መብራት አይጠይቅም።»

«አንዴ ከሞላ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። መብራት ሲመጣ መሙላት ነው።»

«ቢወድቅስ?»

«ይሰበራል።»

«አየህ መምህር? ራሷ አመነች!» ደስ አላቸው።

«አምናለሁ፤ ለምን እዋሽዎታለሁ? ብራናን ይተዉ አላልሁም። መጽሐፉ በብራና ይጻፍ። ንድፉን ግን እዚህ ላይ ይሞክሩ፤ ሲበላሽ ይደምስሱት። አንድ ሐረግ ለማቃናት ስንት ጊዜ ነው ያንኑ ብራና የፋቁት?»

መሪጌታ ሽሮው ቀዘቀዘ ብለው አስተናጋጇን ተቆጡ።

የልጅቱ ክርክር እንደ ትምህርቷ መሥመሩን የያዘ ነበር፤ ነገር ግን የአባቷ ቁስል ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኔ ቦታውን አውቀዋለሁ። ከሦስት ወር በፊት፣ ከቤታቸው ቁልቁል የሚኖሩት ብራና ጸሐፊ ቄስ ገብረ ሚካኤል ታብሌት አግኝተው፣ በመንገዱ አንጻር ባለው መስኮት ላይ አቆሙት። አስጎብኚ ሁሉ «ቄሱ ዘመናዊ ናቸው» ማለት ጀመረ። መሪጌታም ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በዙሪያው መንገድ ነው፤ ዳገት ይበዛዋል።

ቅናትን እኔም የማውቀው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ትሁን የምትባል ወጣት መምህርት በታብሌት ስታስተምር ተማሪው ሁሉ ሲከባት አይቼ፣ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ይህ ነገር ተማሪ ያዘናጋል» ብያለሁ። ያዘናጋው እኔን ነበር። ስለዚህ የመሪጌታን ሕመም ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም።

«መሪጌታ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልሁ። «ቄስ ገብረ ሚካኤል ባይዙት ኖሮ እርስዎ ይህን ነገር ይጠሉት ነበር?»

«የሱን ስም አታንሣብኝ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከየኔታ ኢያቄም እግር ሥር አብረን ነው የተቀመጥነው። እጅ የኔ ይበልጥ ነበር፤ አገሩ ያውቃል። ዛሬ እንግዳው የኔን ደጅ አልፎ እሱ ቤት ይገባል። መስታወት ስላለው! ቀንቻለሁ፤ እሺ? ቀንቻለሁ። አሁን ደስ አለህ?»

ደስ አላለኝም። እምነት የአባቷን እጅ ያዘች።

ነገሩ የቆየ ነው። የኔታ ኢያቄም ሲያርፉ ሐረግ የሚባለው የብራና ጌጥ መማሪያ የሆነች አንዲት ጥራዝ ትተው ነበር። ከመካከሏ፣ ፊት ለፊት በሚገናኙ ሁለት ገጾች ላይ፣ በሐረግ የተከበቡ ሁለት ጣዎሶች ነበሩ። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ለኔ ይገባል፣ ለኔ ይገባል ሲሉ ሽማግሌ ገባና የጥራዟን ክር በጥሶ እኩሌታዋን ለዚህ፣ እኩሌታዋን ለዚያ ሰጠ። አንዷ ጣዎስ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ ቀረች። ይኸው ሠላሳ ዓመት አንዱ የሌላውን አላየም። መሪጌታ የራሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በቆዳ ማኅደር አንግበው ከትከሻቸው አይለዩትም፤ እርሻም፣ ለቅሶም፣ ሐኪም ቤትም አብሯቸው ይዞራል። «እኔ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል እንጂ ገብረ ሚካኤል አያየውም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁንም ማኅደሩን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ያንቺ መስታወት ይህን ይሠራል?» ብለው ብራናውን ከጨርቁ አውጥተው ዘረጉት። «ተመልከት መምህር፣ የጭራዋን ቀይ። እንዲህ ያለ ቀይ ዛሬ ማን ይበጠብጣል?»

ተመለከትሁ። ቀይ የሚባል ነገር የለም። ጭራዋ ገርጥቶ፣ ሰማያዊው ተልጦ፣ አንድ ክንፏ ጨርሶ ጠፍቷል። ሽማግሌው ግን በሌለው ቀለም ላይ ጣታቸውን በፍቅር ያስኬዳሉ። ምን እንደምል ጨነቀኝና እምነትን አየኋት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«አባቴ» አለች፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ላንሣት። ያላንቱ ፈቃድ ለማንም አላሳይም።»

በጣዎሷ ኮርተው ስለነበር «አንሺ፣ ትማሪበት» አሉ። በትንሹ ታብሌት አነሣቻት፣ አሳደገቻትና እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። መሪጌታ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት።

«ይህ የየኔታ አይደለም» አሉ።

«ነው አባቴ።»

«ቀዩ የታለ?»

እምነት ጨርቁን ዘረጋችው። ከእጥፋቱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ብናኝ ተጋግሯል። ሠላሳ ዓመት ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ብራናው ከጨርቁ ጋር ሲፋተግ ኖሯል። መሪጌታ ብናኙን በጣታቸው ነክተው አዩት።

«እኔ ነኝ የፈጀኋት?» አሉ። «ከሱ ስደብቃት?»

 ውጭ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ።

ቀና አሉ። «የቀረውን ታተርፈዋለች፣ ይህች ዕቃ?»

«ያለውን ታኖራለች። የጠፋውን ደግሞ አንቱ በእጅዎ ይሞሉታል፤ ቀለሙን የሚያስታውሱት አንቱ ነዎት። አንድ ቅጂ እኔ ዘንድ ስለሚቀመጥ ዕቃው ቢሰበር እንኳ ሐረጉ አይጠፋም።»

«እንግዲያው ትልቁን ስጪኝ። የገብረ ሚካኤል ከዚህ አያንስም?»

«ያንሳል።»

«በቃ! ትልቁን!»

ቅናቱ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መቀመጫ መቀየሩ ነው። እምነት ግን አባቷን ታውቃለች። «አባቴ፣ የመቃ ብዕር ሲመርጡ ጎረቤት የያዘውን አይተው ነው?» አለቻቸው።

«እንዴት ተደርጎ! ቆርጬ፣ ጫፉን ሰንጥቄ፣ ሞክሬ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ይሞክሩ።»

ትልቁን ታብሌት እንደ ልማዳቸው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ብዕሩ ጫፉ ድቡልቡል ላስቲክ ነው። ጸሐፊ አዲስ ብዕር ሲሞክር የሚጽፈውን «ፍትነተ ብዕር» የሚለውን ቃል ጀመሩ። መዳፋቸውን ባሳረፉ ቁጥር ከፊደሉ ሥር ሌላ መሥመር ይጋደማል። የፊደሉ አናትም እግርም በአንድ ዓይነት ውፍረት ወጣ። «የጫፉን መድረሻ ላስቲኩ ይጋርደኛል» አሉ። «ደግሞ ይንሸራተታል፤ ገና ያልደረቀ ብራና ነው የሚመስለው። ጉልበቴም ደከመ።» ተነሥተው ደጅ ወጡ፤ ተከተልናቸው። በፀሐዩ አገላበጡት። «የገዛ ጢሜን ነው የማየው» ብለው መለሱላት።

ትንሹን ያዙ። የዚህ ብዕር ሾል ያለ ነው። ሲጫኑት ይወፍራል፣ ላላ ሲያደርጉት ይቀጥናል። መዳፋቸውን አሳርፈው ጻፉ፤ አንድም ጭረት አልወጣም። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ደብዛዛ ላስቲክ የፀሐዩን ነጸብራቅ አበረደው፤ ብዕሩንም ጨበጥ ያደርገዋል። መሪጌታ ቃሉን ሦስት ጊዜ ጻፉ፣ በሁለት ጣት አሳደጉት፣ የ«ዕ»ን አንገት አዩ።

«ይይዛል» አሉ። ከሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

«የአንቱ ተረፈች» አለች እምነት። «ሌላይቱስ ጣዎስ?»

መሪጌታ ትንሹን ታብሌት ከጋቢያቸው ሥር ከተቱ። መኪና ተገኘ፣ ተሳፈርን፣ አቧራው ዋጠን። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ በጆሮዬ፣ «እሁድ ከቅዳሴ መልስ አብረኸኝ ሂድ። ብቻዬን ከሄድሁ እንጣላለን» አሉኝ።

እሁድ ሦስታችን ቁልቁል ወረድን። የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ አዛለች በሩን ከፍተው መሪጌታን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቄስ ገብረ ሚካኤል ከመደቡ ተነሡ።

«ደኅና ነዎት? ምን እግር ጣለዎት?»

መሪጌታ ገና ሳይቀመጡ ታብሌቱን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። «ልጄ አመጣችልኝ።»

ቄሱ አዩት፤ ከዚያ መስኮት ላይ ያለውን የራሳቸውን አዩ። «ከኔ ያንሳል» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ ነበረበት።

«ያንሳል። ግን ይጽፋል። የአንቱስ ይጽፋል?»

ቄስ ገብረ ሚካኤል ተመልሰው ተቀመጡ። ወይዘሮ አዛለች ከጓዳ ደጃፍ ሆነው፣ «ጧት ጧት አቧራውን እጠርግለታለሁ፤ ሌላ ሥራ አላየሁበትም» አሉ።

«እውነቷን ነው» አሉ ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው። «አንድ እንግዳ ሰጥቶኝ ሄደ። እጄን ባሳረፍሁ ቁጥር ያበላሽብኛል። በሦስት ወር አንዲት ፊደል አልጻፍሁበትም። ሰው እንዳይስቅብኝ ዝም አልሁ። መስኮት ላይ ያቆምሁት አንቱ እንዲያዩት ነው።»

«አይቼዋለሁ። በዙሪያው መንገድ የምሄደው ለምን መሰለዎት?»

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ አዛለች ናቸው። ከዚያ ቄሱ፤ መጨረሻ ላይ መሪጌታ፣ ሳይወዱ።

ሳቁ ሲያልፍ መሪጌታ «የመጣሁበትን ልናገር» አሉና የጨርቁን ነገር፣ የብናኙን ነገር አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። ሲጨርሱ፣ «የአንቱን ያሳዩኝ። የኔን ፈጅቻታለሁ፤ የአንቱ እንድትጠፋ አልፈልግም» አሉ። ቄሱ ሳጥናቸውን ከፈቱ። የሳቸው ብራና ቀለሙ አለ፤ ጠርዙን ግን ብል ይዞታል፤ ሳጥኑ የሚከፈተው ለዓመት በዓል ብቻ ነበርና። እምነት አነሣቻትና ሁለቱን ገጾች ታብሌቱ ላይ ጎን ለጎን አኖረቻቸው። ሁላችንም አጎነበስን።

የመሪጌታ ጣዎስ ወደ ፊት እየሄደች አንገቷን ወደ ኋላ አዙራለች። የቄሱ ጣዎስ ቀጥ ብላ ፊት ፊቷን እያየች ትከተላታለች። መሪጌታ ሠላሳ ዓመት በጻፉት መጽሐፍ ሁሉ ሁለቱም ጣዎሶች አንገታቸውን ያዞሩ ናቸው። ቄሱ በጻፉት ሁሉ ሁለቱም ቀጥ ያሉ ናቸው። እያንዳንዳቸው ሠላሳ ዓመት ሳያዩት የረሱትን ገጽ በያዙት ገጽ ልክ ሞልተውት፣ ሁለቱም ተሳስተዋል። የኔታ የሣሉት አንዷ ስትቀድም ሌላይቱን ዞራ ስትጠብቅ ነው።

«ፊተኛዋ የኔ ናት» አሉ መሪጌታ፣ ወዲያው።

«ናት» አሉ ቄስ ገብረ ሚካኤል። «ዞራ የምታየው ግን የኔን ነው።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሞራው ነው አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የተገኘውን ጥቅም ልናገር፤ መምህር ነኝና ሳልናገር አልተኛም። መሪጌታ ዓይናቸው እስኪገፈፍ ድረስ ፊደሉን እያሳደጉ አነበቡ፤ የጠፋውን ቀይ በትዝታቸው መልሰው ሞሉ። የተሳሳቱትን ይደመስሳሉ እንጂ ብራና አይፍቁም። እምነት የቄሱን ታብሌት መርምራ፣ ለማንበቢያ ይሆናል፣ ለመጻፊያ አይሆንም አለቻቸው፤ ስለዚህ ያነቡበታል፣ ሊጽፉ ሲፈልጉ ወደ መሪጌታ ቤት ዳገቱን ይወጣሉ። ዕቃ የሚመርጥ ሰውም በምን ሥራ ላይ እንደሚያውለው ራሱን ይጠይቅ፤ እንደ ልማዱ ይቀመጥና በገዛ እጁ፣ በገዛ ፀሐዩ ይሞክረው። የጎረቤት መስኮት ስለ ዕቃው ምንም አይነግረውም። እኔም ሰኞ ዕለት መምህርት ትሁንን፣ ስብሰባው ላይ የተናገርሁት ከቅናት ነበር፣ ይቅርታ አድርጊልኝና አስተምሪኝ አልኋት። እስካሁን ገና ሦስተኛው ትምህርት ላይ ነኝ፤ ከተማሪዎቿ ሁሉ ቀርፋፋው እኔ ነኝ ትላለች።

ለፋሲካ ሁለቱ ሽማግሎች አንድ ብራና አብረው ሠሩ። ከታብሌቱ እያዩ መሪጌታ የቄሱን ጣዎስ፣ ቄሱ የመሪጌታን ጣዎስ ሣሉ። እንዲህ የተስማሙት ሳይጣሉ አይደለም፤ እኔ መሐል ነበርሁ። አሁን ባገኙኝ ቁጥር መሪጌታ «እውነቱን ንገረኝ፣ የኔን ጣዎስ ሲሥላት አላሳነሳትም?» ይሉኛል፤ ቄሱም ያንኑ ይጠይቁኛል። ለሁለቱም ገና መልስ አልሰጠሁም።