ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ማዳም «ደህና ነሽ?» ብላ ከጠየቀችሽ መልሱ አንድ ነበር፣ «አልሐምዱሊላህ»። ጴንጤ ሁኚ ሙስሊም ሁኚ፣ እግርሽ ይበጥ፣ ጥርስሽ ይጠዝጥዝሽ፣ መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ነው። አሁንም እንደዚያው ነው፣ አይደል? አትሳቁ። እኔ ይህን የማወራችሁ ለሳቅ አይደለም። ሜሮን፣ አንቺ ልጄ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ። በተለይ አንቺ እንድትሰሚኝ ነው። ጸሎት ከጨረስን ጀምሮ ዓይኔ አንቺ ላይ ነው።

እና ያኔ እኔ እዚሁ ዶሃ፣ አል ዱሃይል የሚባለው ሰፈር ነበርኩ፣ ትልቅ ቪላ ውስጥ፣ ማዕድ ቤት። ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ አብራኝ ነበረች፣ ልብስ የምታጥበውና የምትተኩሰው እሷ ናት። እኔ ስዘምር እሷ ከላይ ሆና «እትዬ ጌጤ፣ ድምፅሽ ካውያውን አበላሸብኝ» እያለች ትቀልድብኛለች፣ እሷ ስትሰግድ ደግሞ እኔ ድስቱን በቀስታ ነው የምከድነው። እንዲያ ነበር ኑሯችን። እናቷ ደሴ አጠገብ ናቸው፣ ታናሽ ወንድሟን የምታስተምረውም እሷው ናት። ያ ሁሉ ቤተሰብ በአንዲት ልጅ ጀርባ ላይ። ምን እነግራችኋለሁ፣ ሁላችሁም እንደዚያው ናችሁ።

ታዲያ የቤቱን ነገር ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ስለሆነ። ልብስ ማጠቢያው ጣሪያ ላይ ነው። የእኛ የሠራተኞች ሽንት ቤት ደግሞ ታች፣ ግቢው ጥግ፣ ከሾፌሩ ክፍል ጎን። እና ከጣሪያ ወርደሽ እዚያ ለመድረስ በባባ፣ በማዳም ባል፣ መጅሊስ፣ በእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ማለፍ አለብሽ። መጅሊሱ በሩ መስተዋት ነው፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ እንግዳ ይመጣል፣ ወንድ ይሞላል፣ ጫማው በሩ ላይ ይደረደራል። አሁን የእኛ አገር ሴት በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት፣ ወዴት እንደምትሄድ እየታወቀባት፣ ታልፋለች? ብትሞት አታልፍም። ማንም አልከለከላትም እኮ! ማንም «አትለፊ» አላለም፣ እፍረታችን ነው ያሰረን። ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? ውሃ አለመጠጣት። ጠዋት ጉንጭ የምታህል፣ ከዚያ ኸላስ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ከንፈር ማርጠብ ብቻ። በዚያ በሐምሌ ሙቀት፣ በካውያ እንፋሎት ውስጥ። እኔስ ማዕድ ቤቱ የጓሮ በር አለው፣ በዚያ ሾልኬ በአጥሩ ጥግ ዞሬ እደርሳለሁ። እሷ ግን መውረጃዋ አንድ ነው።

ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ይህንን ልብ በሉልኝ። እንዲያውም ሙቀቱ ሲበረታ «ሠራተኞቼ ውሃ ይጠጡ» ብላ የታሸገ ውሃ በካርቶን በካርቶን ገዝታ ወደ ጣሪያው አስወጣች። በየሳምንቱ ባዶ ጠርሙሱ ሲወርድ ታያለች፣ ደስ ይላታል። ጠዋት ማዕድ ቤት በር ላይ ብቅ ትልና «ኩሉ ዘይን?» ትለናለች፣ ሁሉ ደህና? እኛም በአንድ አፍ «አልሐምዱሊላህ»። አበቃ፣ ትሄዳለች። ያንን ውሃ ማን እንደጠጣው ታውቃላችሁ? ካውያው! ዘይነባ ማዳም እንዳትቀየም እያለች ጠርሙሱን ለካውያው እንፋሎት ታጠጣው ነበር።

ታዲያ አንድ ሰሞን ወገቧን መያዝ ጀመረች። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትደገፋለች። «ምነው?» ስላት «ብርድ ነው» ትለኛለች። በዶሃ ሐምሌ ምን ብርድ አለ በሞቴ! «የኤሲው ነው» ትላለች። እህል አስጠላት፣ ፊቷ አመድ መሰለ። በኋላ እየተሸማቀቀች ሽንቷ እንደ እሳት እንደሚያቃጥላት ነገረችኝ። ለማዳም እንንገር ስላት ያ ሁሉ ተጫዋችነቷ ጠፋ፣ እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ ጌጤ፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ አትንገሪ። ታመመች ካሉ ይመልሱኛል።»

በልጅሽ ይዤሻለሁ! እኛ አንምልም፣ መሐላ አናውቅም፣ ግን በልጅ ከተያዝሽ ወዲያ ምን አፍ አለሽ? እና ፍርሃቷም ከሜዳ አልመጣም። ከጎረቤት ቪላ አንዲት ልጅ ስታስል ስታስል ቆይታ፣ አንድ ጠዋት «ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች፣ በመኪና ወጣች፣ ከዚያ ወዲያ ስልኳም አልሠራ። አገሯ ትግባ ሌላ ቤት ትግባ ማን ያውቃል። ያቺን ቃል እኛ ሰፈር ሠራተኛው ሁሉ እንደ መርዶ ነበር የሚፈራት።

እና እኔ ምን ልሁን? ብናገር ትባረራለች፣ ባልናገር ትሞታለች። ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ጆሮዬ ጣሪያ ላይ ነው። ሥራ ላይ ስትሆን የእግሯ ኮቴ ይሰማኛል፣ ኮቴው ሲቋረጥ ቢላዬም ይቆማል። እንደገና ሲሰማ «ተመስገን» እላለሁ። ማዳም ጠዋት መጥታ ስትጠይቅ ያችኑ «አልሐምዱሊላህ» እላታለሁ። ዘይነባ አጠገቤ ቆማ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ምን ልበል?

አንድ ቀን ቀትር ላይ ኮቴው ጠፋ። ጠበቅሁ፣ የለም። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ዘይነባ ወለሉ ላይ ማጠቢያ ማሽኑን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ የባባ ነጭ ቀሚስ ጭኗ ላይ ነው፣ በዚያ ሙቀት ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ግንባሯን ብነካት ያቃጥላል። «ትንሽ ልረፍና እጨርሰዋለሁ» ትለኛለች። ኸረ ወዲያ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አልኩና ወደ ደረጃው ዞርኩ። ከኋላዬ ስሜን ስትጠራ እየሰማሁ ወረድኩ።

ሳሎን ገብቼ «ማዳም፣ ዘይነባ ታማለች፣ በጣም ታማለች» አልኩ። ማዳም ፊቷ ተዘጋ። ስልኳን አነሳች፣ በፈጣን ዓረብኛ አወራች፣ አንዱም አልገባኝ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና አለች፦

«ሻንጣዋን ይዛ ትውረድ። የመኖሪያ ወረቀቷንም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን ልመልሰው? ወጥቼ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ልብሷን እኔ ሰበሰብኩላት፣ መስገጃዋን አጠፍኩላት፣ እሷ ታየኛለች። ሻንጣውን ስዘጋ ብቻ «እናቴን ምን ልበላት?» አለችኝ። እኔን አልሰደበችኝም፣ አልረገመችኝም፣ ሸጥሺኝም አላለችኝም፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያቺ ጥያቄዋ ትመጣብኛለች። ማዳም ከፊት ገባች፣ ዘይነባም ከኋላ ስትገባ ቀና ብላ አላየችኝም።

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ። ስልኳን እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ አይነሳም። በኋላ ጭራሽ ተዘጋ። አሁን አውሮፕላን ማረፊያ ናት እላለሁ፣ አሁን ሰልፍ ላይ ናት እላለሁ፣ በዚያ ትኩሳት ማን ይደግፋታል እላለሁ። ልጸልይ እጀምራለሁ፣ ቃል ይጠፋኛል። ሩዙ አረረ፣ ጣልኩት፣ ሌላ ጣድኩ፣ እሱም አረረ።

መኪናው ሲመለስ ሮጬ ወጣሁ። ሾፌሩ ወረደ፣ ማዳም ወረደች፣ ዘይነባ የለችም፣ ሻንጣውም የለም። ማዳም አባያዋን እንኳ ሳታወልቅ ማዕድ ቤት ገብታ የእኔ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች፣ ተቀምጣበት አታውቅም። «ውሃ ስጪኝ» አለች፣ ሰጠኋት፣ ጨለጠችው። ከዚያ «ኩላሊቷ ነው አሉኝ፣ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ስልኳም ባትሪው አልቆ እኔ ጋ ነው ያለው» አለችኝ። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሆስፒታል! ሆስፒታል ሲባል ደስ ያለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ሐኪሙ ውሃ አትጠጣም ወይ አለኝ፣ አፈርኩ» አለች። «ያን ሁሉ ውሃ ማን ጠጣው?»

«ካውያው» አልኳት።

ለምን እንደሆነ ነገርኳት፣ አልገባትም። ማን ከለከላት? ማንም። ታዲያ ለምን አትሄድም? ኧረ በምን አፍ ይነገራል! «ማዳም፣ ነይ» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት ድፍረት እንጃ። ጣሪያው ላይ ወሰድኳት፣ «አሁን ዘይነባ ነሽ፣ ሽንት ቤት ሂጂ» አልኳት። ግራ ገብቷት ደረጃውን ወረደች፣ እኔ ከኋላ ከኋላ። ግድግዳው ጥግ ስንደርስ የወንዶቹ ሳቅ ተሰማ፣ በመስተዋቱ ይታያሉ፣ ያን ቀንም እንግዳ ነበር። ማዳም ቆመች። ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። አንድ እግሯን አነሳች፣ መለሰችው። ከዚያ ዞራ አየችኝ። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ግቢዋ፣ አላለፈችም።

ቆይታ በቀስታ «ላይ ያለው ሽንት ቤትስ? ከማጠቢያው ጎን አንድ አለ እኮ» አለች።

«ዕቃ ሞልቶበታል።»

«የማን ዕቃ?»

«ያንቺ።»

እኔም ጠየቅኋት፣ ሻንጣዋን ለምን አስያዝሻት አልኳት። እሷም «ሆስፒታል የሚተኛ ሰው ልብስ አያስፈልገውም? እናንተ ምን መስሏችሁ ነው?» አለችኝ። ምን እንደመሰለን ነገርኳት፣ ከጎረቤት ቪላ የወጣችውንም ልጅ ነገር አወራኋት። እንደዚያ የምንፈራት አልመሰላትም ነበር።

እና በማግስቱ ሰዎች መጥተው ከላይኛው ሽንት ቤት ያን ምንጣፍ፣ ያን ሳጥን ሁሉ አወጡ፣ መብራት ገባ፣ ከውስጥ የሚዘጋ ቁልፍ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማዳም በር ላይ ቆማ መጠየቅ ተወች፣ ራሷ ጣሪያው ላይ ትወጣለች፣ ትቀመጣለች፣ በቀትሩም ሙቀት እንድናርፍ አደረገች። አንድ ጠዋት እኔ በልማዴ «አልሐምዱሊላህ» ስላት፣ «እሱ ለአላህ ነው፤ ለኔ የሚያምሽን ንገሪኝ» አለችኝ። ወገቤን አልኳት። ምን ላድርግ፣ ጠየቀችኝ!

ዘይነባ ከሆስፒታል ከስታ፣ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። በር ላይ ጠበቅኋት፣ አንገቷ ላይ ልጠመጠም ስል እጇን ሰጥታኝ ብቻ አለፈች፣ ወደ ላይ ወጣች። ብትቀየመኝ ይገባታል አልኩ፣ ወደ ድስቴ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ የቁልፉ ድምፅ ተሰማኝ፣ ውሃው ሲለቀቅ ተሰማኝ፣ ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ «እትዬ ጌጤ፣ ዘምሪ እንጂ፣ ካውያው ናፍቀሽዋል።» ያኔ ነው ያለቀስኩት።

እንግዲህ ሜሮን፣ ያ የውሃ ጠርሙስ ከተሰጠሽ ጀምሮ እጅሽ ላይ ነው፣ ክዳኑን አልነካሽውም። ወገብሽንም ስትይዢ አይቼሻለሁ። ምን? ጮክ በይ፣ እህቶችሽ ናቸው። እናንተ ጋ ማዳም የለችም? አዎ፣ ሱቅ ዋቂፍ ገበያው ውስጥ ምግብ ቤት ነሽ፣ አውቃለሁ፣ አለቃው ወንድ ነው፣ ሽንት ቤት ለመሄድ በአስተናጋጆቹ ፊት ማስፈቀድ አለብሽ። እህ? «ብነግረውና ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ ቢለኝስ?»

እኔ እንጃ፣ ልጄ። አይልሽም ብዬ አልዋሽሽም። ሁሉም እንደ እኔ ማዳም ደረጃ አይወርድም። ግን ብቻሽን አትነግሪውም፣ እኔ አብሬሽ እመጣለሁ፣ ሽበቴን ያያል። «ይዘሽ ነይ» ካለሽም ሻንጣሽን የምሸከመው እኔ ነኝ። አሁን ጠጪ። ሽንት ቤቱ በስተግራ ነው፣ እዚህ ቤት ወንድ የለም።