የጋሽ ይማም ጥርስ

ሰባተኛ ሰፈር ቁጭ ብዬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ የሳሊህን ዓይነት ግን አላየሁም። ሳሊህ የመናዊ ቅመም ነጋዴ ነው፤ ከወሎዬዋ ሚስቱ ሦስት ልጆች ወልዷል። በቤተሰብ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠኝ ብሎ ሲያስጽፈኝ ግን አንድ ነገር ደበቅን፦ አማቱን ጋሽ ይማምን በበርጩማ መትቶ ተፈርዶበታል። ሽማግሌ አስታርቋቸው አሁን ጋሽ ይማም ራሳቸው ሊመሰክሩለት አብረውን ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዱ።

"የጋብቻ ወረቀትስ?" አለች ጸሐፊዋ። የለም፤ ኒካውን ያሰሩት ሼህ ወረቀት ሳይሰጡ ሞተዋል።

"እኔ አባቷ ቆሜ የለም እንዴ?" አሉ ጋሽ ይማም።

"አባባ፣ ሰው ወረቀት አይሆንም። ማስረጃ ከሌለው ወደ አገሩ ይመለሳል።"

ይሄኔ ጋሽ ይማም ከተመቱ ጀምሮ ከኪሳቸው የማይለየውን፣ ላገኙት ሰው ሁሉ የሚያሳዩትን የፍርድ ግልባጭ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት! አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ተከሳሽ የሚስቱን አባት በበርጩማ መትቶ ጥርሳቸውን በማውለቁ..." ብላ አነበበችና ቆመች። ማህተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። "የሚስቱን አባት ይላል። ፍርድ ቤት ዝምድናቸውን ካወቀው እኛ ማን ነን? ግን አባባ፣ ጥፋቱስ?"

"ታርቀናል አልኩሽ! ደግሞ እኔን ደፍሮ የሚመታ ባዳ አለ እንዴ?"

ማመልከቻውን ተቀበለችን። ደጅ ስንወጣ ሳሊህ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ቢል፣ ጋሽ ይማም በጎደለው ጥርሳቸው እየሳቁ፣

"አየህ? ያን ቀን ስተኸኝ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጥህ ነበር?" አሉት።