ከተካ መቃብር የወጣው ዛጎል

ተካን የቀበርነው በስደት አገር፣ ሞርተንሩድ የሚባል ሰፈር አካባቢ ነው። እዚህ አገር መቃብሩን ቆፋሪው በማሽን ይሞላዋል። እኛ ግን በእጃችን አፈር ካላለበስነው የቀበርነው አይመስለንምና ማሽኑን አስቁመን አካፋ ተቀባበልን። እናቱ እማማ ዘውዴ አፋፉ ላይ ቆመው «ይሄኛው እንኳ አፈር አገኘ» እያሉ ያለቅሳሉ። ትልቁን ልጃቸውን ከሊቢያ ሲሻገር ባሕር ነው የበላው፤ ሬሳውም አልተገኘ።

ከጉድጓዱ የወጣውን ሰማያዊ ጭቃ ስዝቅ አካፋዬ ላይ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ዝቅ ብዬ ሳይ የቀንድ አውጣ ዛጎል ነው፣ ድርብርብ ብሎ የተኛ። እማማ ዘውዴ አንዱን አንስተው ለቆፋሪው አሳዩት። ሰውዬው ክፋት የለውም፣ ያየውን ነው የተናገረው፤ «ይሄ የቀዝቃዛ ባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ድሮ አገሩን የሸፈነው በረዶ ሲቀልጥ ይሄ የቆምንበት ሁሉ የባሕር ወለል ነበር። መሬቱ ከፍ ያለው ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ነው።»

ለዘብ አድርጌ ልተረጉምላቸው ስል እጃቸውን አነሱ።

«ተወው ልጄ፣ በኖርስክ ያለውን ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። ዛጎሉን ጨብጠው ወደ ጉድጓዱ እያዩ፣ «ታዲያ ይሄንንም ባሕር ውስጥ ነው የከተትኩት?» አሉ።

አካፋዬን አነሳሁ፤ ምን ይደረጋል፣ ሬሳ ገልጦ አይኬድ። አፈሩን በጣልነው ቁጥር ዛጎሉ ይንኮሻኮሻል። ስንጨርስ እንደ ወጉ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ልንል ይገባ ነበር። ሁላችንም እጃቸው ላይ ያለውን ዛጎል አየንና ሳንለው አካፋዎቹን ሰበሰብን።