የዩያ ሦስት ጎልና አንድ ዙርባ ጫት

(ጎረቤታችን ሀጂ ሙሜ፣ ጭሮ ከተማ፣ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እንደሰማሁት)

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ ኳስ ሰዓት አልነበራትም። ሚኤሶ ላይ ፀሐይ በረድ ስትል ትጀመራለች፣ ከብት ሲገባ ታልቃለች፣ አለቀ። የመጣ ይገባል፣ የደከመው ይወጣል፣ ስንት ለስንት ነው የሚል የለም። እና ታዲያ እኔና ጓደኛዬ ዩያ ሀዲዱ ዳር አንድ የብረት ሥራ ቤት ተቀጠርን፣ እኔ በመዶሻ፣ እሱ በሸክም። አለቃችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው፤ በፊሽካ ያስገባናል፣ በፊሽካ ያበላናል፣ በፊሽካ ያስወጣናል። ሽንት ብቻ ነበር የቀረው፣ እሱንም ቢያገኘው አይምረውም።

ታዲያ ይሄ ሰው እሑድ ጫት ቅማችሁ ሰኞ ትቀራላችሁ ብሎ ኳስ አመጣልን። ኳሷ የኛው ናት እኮ፣ ግን አመጣልን። በኖራ አሰመረ፣ ካናቴራ አለበሰ፣ ያቺኑ ፊሽካ ይዞ ሜዳ ወጣ። ከዚያ አሰልፎ ሰበከን፦ ኳስ ግብረ ገብ ነው፣ ጨዋ ሰው የሚጫወተው ለፍቅር ብቻ ነው፣ በእግሩ ተጫውቶ አንዳች ነገር የተቀበለ የተዋረደ ነው። እኛም አሚን አልን። ሲሰበክ አሚን ነው የሚባለው፣ ሌላ ምን ይባላል ልጄ?

እና ቦኬ ሄደን በገበያ ቀን ገጠምን። ዩያ በባዶ እግሩ ሦስት አገባ። ታዲያ አንድ የቦኬ ሽማግሌ ሜዳ ገብተው መረቁት፣ አንድ ዙርባ ጫትም እጁ ላይ አኖሩለት። የሽማግሌ ስጦታ ይመለሳል? ነውር ነው። ተቀበለ።

ሰኞ አለቃው ሰምቷል። አሰለፈንና፣ ተቀብሏል አልተቀበለም፣ ያየ ይናገር አለ። እሑድ ከአሰበ ተፈሪ ጋር ግጥሚያ አለ፣ የዩያ እናት ከቦርደዴ ልታየው ትመጣለች፣ ልጁ ለዚያች ቀን ነው የሚኖረው። እኔ ላድነው ብዬ ወጣሁ። በኛ አገር ሰው የሚመሰገነው ባለመሰሰቱ ነው፤ ይህን ከሰማ ይምረዋል አልኩ። "ጌታዬ፣ ዩያ ብቻውን የሚበላ ሰው አይደለም፣ ግማሹን ለእኔ ሰጥቶኛል" አልኩት።

ሳቂ ልጄ፣ ሳቂ። ሁለታችንንም ከቡድኑ አስወጣን። ዩያ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረኝም።

እሑድ አሰበ ተፈሪ ወጣን፣ ይቺው ጭሮ ናት፤ እኔና ዩያ ውሃ አቀባይ ሆነን። እናቱ ከፊት ተቀምጣ በዓይኗ ትፈልገዋለች። ወላሂ፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንድ የእጅ ሰዓት ተቀምጣለች፤ ለማን ናት ብንል፣ ለአሸናፊው ቡድን አለቃ፣ ሠራተኛ በግብረ ገብ ስላነጸ። በእጅ መቀበል ምግባር ነው፣ ውርደቱ በእግር ሲሆን ነው ለካ።

እረፍት ላይ ሦስት ለባዶ ተመርተናል። አለቃው ድምፁን ማር አድርጎ መጣ። "ዩያ ልጄ፣ ምሬሃለሁ፣ ልበስ።"

ዩያ እናቱን አየ፣ ሰዓቷን አየ። "ጌታዬ፣ ጨዋ ሰው የሚጫወተው ለፍቅር ነው ብለውናል። እኔ ዛሬ ፍቅር የለኝም" አለው። ባልዲውን አንስቶ ሄዶ ለእናቱ ውሃ ቀዳላት።

ተሸነፍን፣ ሰዓቷም እዚሁ ቀረች። ዛሬ እሑድ እሑድ ሠራተኞች አስፋልቱ ላይ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ የድርጅት ስም ጀርባቸው ላይ አዝለው ሲሮጡ፣ ለጤና ነው ይሉኛል። ይሁን። ፊሽካዋን ግን አውቃታለሁ።

"ዩያስ እንደተቀየመዎት ቀረ?" አልኳቸው።

ስንመለስ መኪናው ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እናቱ ያመጣችለትን ዙርባ ጫት ከደረቱ አወጣና ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ጭኔ ላይ ጣለው። "እንካ አቦ" አለኝ፣ "ሰኞ ደግሞ መስክርብኝ።"

ይህን ብለው ሀጂ እስኪያስላቸው ሳቁ።