ወንድሜ የሰጠኝ ባል

ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በመልክ ብቻ የማውቀው ያገሬ ሰው ወደ እኔ መጣና "እንኳን ደስ አለን" አለኝ። "ምን ተገኘ?" ብለው፣ "ትናንት ሽማግሌዎቼ ገላን ኮንዶሚኒየም ወንድምሽ ቤት ሄደው ነበር። እሺ ብሏቸዋል፤ ቀን እንቁረጥ" አይለኝ መሰላችሁ። ደሜ ፈላ። ባሌ ሞቶ፣ ልጄን ቃሊቲ እናቴ ጋ ትቼ የወጣሁት ለልጅቷ ልለፋ ብዬ እንጂ ባል ፍለጋ አይደለም። እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ሰውየው እየሰማ ደወልኩ።

"ወንድም ጋሼ፣ ምነው ሳትጠይቀኝ?"

"በሰው አገር ብቻሽን ከምትሆኚ ብዬ ነዋ። ደግሞ ሽማግሌ ደጄ ቆሞ እንዴት እምቢ ይባላል? ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

"ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ። እንግዲያው አንተው አግባው።"

ዘጋሁበት። ወደ ሰውየው ዞሬ፣ "አንተስ፣ ገላን ድረስ ሰው ስትልክ እኔን እዚህ መጠየቅ ራቀህ?" አልኩት። ተመልሼ ገብቼ አባታችን ሆይ ስደግም፣ "የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የምትለው ጋ ስደርስ እግዜርን መዋሸት ፈራሁና ዘልያት አለፍኩ።